የቀለህ ጉሮሮ

ባለፈው ሳምንት ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሻይ ስጠጣ፣ የጎረቤታችን ልጅ የመኪናውን የአየር ማጣሪያ አውልቆ በምትኩ አንድ የሚያብረቀርቅ ቱቦ ገጠመና፣ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጅ ሲሰጠው ያ ድምፅ መጣ። ከኋላ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጩኸት ማለቴ አይደለም፤ እሱንማ ከተማው ሁሉ ለምዶታል። ይኼኛው ከፊት፣ ከሞተሩ አፍ የሚሰማ፣ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚያገሳ፣ የተራበ አውሬ ሰፈሩን በአንድ ትንፋሽ ሊውጥ የተነሣ የሚያስመስል ድምፅ ነው። ሻዩን ሱሪዬ ጠጣው። ልጁ ሮጦ መጥቶ «አባባ፣ ምነው? ምን ሆኑ?» ቢለኝ አፌን ከፍቼ ቃል አጣሁ፤ እሱም ሽማግሌ ሊሞትበት መስሎት ላብ አጠመቀው። ልሞት አልነበረም። ቁስቋም ሄጄ፣ ልጅ ሆኜ፣ ደንግጬ ነበር።

ያን ጊዜ ቤታችን ቁስቋም፣ ከደብሩ ግርጌ ነበር። ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ነገር ግን ጦርነቱ ያበቃው እዚሁ ጎንደር ላይ ስለሆነ ዕቃው ገና ከእኛ ጋር ይኖር ነበር። እኛ ልጆች በወታደር የብረት ቆብ ውሃ እንቀዳ ነበር፣ ሴቶች የመድፍ ቀለህ አቁመው ቅመም ይወቅጡበት ነበር፣ መኪናውንም ጣሊያን ትቶልን በሄደው ቃል ማኪና እንለው ነበር። ጎረቤት ሁሉ አያ ወርቁ የሚለው አባቴ፣ አገሩ ሳይገባ በቀረ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። እኔ የቤቱ አንድ ልጅ፣ ከነቃሁ እስክተኛ አፌ የማያርፍ ቀባጣሪ ስለ ነበርሁ፣ የሰፈሩ ሰው ስሜን ትቶ «ወፍጮ» ይለኝ ነበር። «ወፍጮ መጣ፣ እህል ያላችሁ አውጡ!» ይሉ ነበር ከሩቅ ሲያዩኝ። የምፈጨው ግን የሰው ጆሮ ነበር።

ጣሊያኑ በመጨረሻ ወደ አገሩ ሲገባ፣ ከጋራዡ ጥግ አቧራ ለብሳ የኖረች አንዲት ቀይ ማኪና ለአባቴ ትቶለት ሄደ። የእሽቅድምድም ማኪና ነበረች፤ ጣሪያ የላትም፣ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ አፍንጫዋ እንደ ወይዘሮ አፍንጫ ረጅም ነው። የማትነሣ ስለ ነበረች በበቅሎ ጎትቶ ግቢያችን አስገብቷት፣ ክረምቱን ሙሉ ዳሱ ሥር ሲፈታትና ሲገጥማት ከርሞ፣ ለመስቀል አስነሣት። ጥቅምት ላይ ሜዳው አበባ ለብሶ ሳለ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ በደባርቅ መንገድ ይነዳት ነበር፤ ፍጥነቷ ጉድ ነበር፣ አፌን ስከፍት ነፋስ እየሞላብኝ ወሬዬ ወደ ኋላ ይበተን ነበር፣ አባቴም «ደግ አደረገች፣ አንተን የምትረታ ተገኘች» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አንድ ጉድለት ግን ነበረባት፤ ድምፅ የላትም። ፋብሪካው በሞተሩ መተንፈሻ አፍ ላይ አንድ ጥቁር የቆርቆሮ ሣጥን ገጥሞባት ነበር፤ ሣጥኑ አቧራውን ያጣራል፣ ድምፁንም ያፍነዋል። በዚህም የተነሣ ያቺ እንደ ነብር የምትሮጥ ማኪና እንደ ድመት እያንኮራፋች ታልፍ ነበር። እኛ አገር ደግሞ ጀግና ሳይፎክር አይገባም። ስለዚህ አባቴ ጠጅ ቤት በገባ ቁጥር ጠጪዎቹ በቀልድ ይቀበሉት ነበር።

«አያ ወርቁ፣ ምነው ማኪናህ ትሾካሾካለች? ሐሜት ጀመረች እንዴ?»

«ተዉት እባካችሁ፣ እሷ ጿሚ ናት፤ ድምጿን ለፋሲካ አስቀምጣው ነው!»

አባቴ ቀልዱን በሳቅ ተቀብሎ ቤት ሲገባ ግን ራት አይበላም ነበር። አንድ ቀን እጁን እየታጠበ ለእናቴ እንዲህ ሲላት ሰማሁት፤ «አስመራ ሳለሁ ጣሊያኖቹ ሲሽቀዳደሙ አይቻለሁ። ሣጥኑን አውጥተው በቦታው የነሐስ ቀንድ ይተክሉላታል። ያን ጊዜ ገና ከተራራው ማዶ ሆና ትፎክራለች።»

ታኅሣሥ ገብቶ ምድሩ ሲደርቅ፣ ሣጥኑን ፈትቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ለቀንዱ የሚሆን ነሐስ ሲፈልግ ዓይኑ ያረፈው እናቴ በርበሬና ኮረሪማ በምትወቅጥባቸው ሁለት ቀለሆች ላይ ነበር።

«ሙቀጫዬን ወዴት ይዘኸው ትሄዳለህ?»

«ለማኪናዋ ጉሮሮ ላበጅላት ነው።»

«የእኔ በርበሬስ?»

«ወፍጮ አለልሽ አይደል!» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ፤ እናቴም ልትቆጣ ጀምራ በሳቅ ጨረሰችው። እሱ ግን በመጋዝ ቂጣቸውን ቆርጦ፣ በከሰል አግሎ፣ አፋቸውን እንደ ጡሩምባ እስኪሰፋ ቀጥቅጦ፣ በአመድ ፈትጎ ወርቅ አስመሰላቸው። አንድ ጊዜ ከተቆረጡ ሙቀጫ እንደማይሆኑ እናቴ የገባት ዘግይቶ ነው።

ይኼን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ስታይ የነበረች አንዲት ሴት ነበረች፤ የአባቴ ታላቅ እኅት፣ እትዬ ላቀች። ባሏ ጎንደር ነጻ በወጣችበት ውጊያ በመድፍ ስለ ሞተ፣ ቀለህ የሚባል ነገር በደጇ አያልፍም፤ እኛ ቤት መጥታም በቀለህ የተወቀጠ በርበሬ የገባበት ወጥ አትቀምስም ነበር። ቀንዶቹ ተገጥመው ሲያብረቀርቁ አየቻቸውና ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ እንዲህ አለች።

«ወርቁ፣ ይኼ ነገር ስንቱን ሰው ጠርቶ የወሰደ ነው። ዝም ብሎልሃል፤ አፉን ከፍተህ አታናግረው።»

«እትዬ፣ ነሐስ እኮ ነው። ነሐስ ምን ያውቃል?»

«ሰው የበላ አፍ ይለምዳል።»

አባቴ ሳቀ። እኔም አባቴ ስለ ሳቀ ሳቅሁ።

በጥር፣ የጥምቀት ታቦታት ገብተው ከተማው ገና በበዓል ልብስ ሳለ፣ አባቴ ማኪናዋን አፏን የሚያስከፍትበት ቀን ደረሰ። ጠጅ ቤት ሲያሾፉበት የከረሙት ሁሉ ተጠርተው በአጥሩ ዙሪያ ቆሙ። አባቴ የፊት መክደኛዋን፣ እኛ ኮፈን የምንለውን፣ ወደ ላይ ከፈተውና ሁለቱ ቀንዶች እንደ ዋንጫ ወደ ሰማይ አፈጠጡ። ከዚያ ገብቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። ኮፈኑ ሲከፈት እንደ መጋረጃ ፊቱ ይቆማልና፣ ነጂው ከማዶ ያለውን አያይም። እኔ ብልጡ፣ ሰው ሁሉ ከሩቅ የሚሰማውን ከቅርብ ልስማ ብዬ፣ እንደ ድመት በሆዴ ተስቤ ሄድሁና፣ ብድግ ብዬ ጆሮዬን በአንዱ ቀንድ አፍ ላይ ለጠፍሁት። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር፤ የኮረሪማ ሽታ አልለቀቀውም ነበር።

አባቴ ሞተሩን አስነሥቶ ነዳጁን ረገጠው።

የሰማሁት ድምፅ ነው ለማለት ይቸግረኛል። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ በጆሮዬ በኩል ተጎትቶ ሲወጣ፣ ምድር ከእግሬ ሥር ስትሸሽ፣ ጥርሶቼ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ነው የማውቀው። ዶሮዎች ወደ ጣሪያ በረሩ፣ የጎረቤት በቅሎ ገመዷን በጥሳ ሄደች፣ ሲያሾፉ ከነበሩት ውስጥ ሁለት ሦስቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ተገኙ። እትዬ ላቀች ከአጥሩ ማዶ በጉልበቷ ወድቃ ፊቷን አማተበች። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ እየዘለለ ወረደና «ሰማችሁ? ሰማችሁ ወይ?» እያለ ሲጮኽ፣ ሰዎቹ ልባቸው ሲመለስ አጨበጨቡለት፤ አንዱም ወደ እኔ ዞሮ «በል ወፍጮ፣ እንዴት ናት? ፍረድ!» አለኝ።

አፌን ከፈትሁ። ቃሉ ነበረኝ፤ «ሸጋ ናት!» ልል ነበር። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈትሁ። ሰዎቹ የማሾፍ መስሏቸው በሳቅ ፈነዱ፤ እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እንዲያ አድርጌ የማሾፍ ልጅ ነበርሁና አልፈርድባቸውም። እናቴ ግን ዓይኔን አየችው። ማሰሮዋን ጥላ እየሮጠች መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና «ልጄ፣ አቤት በለኝ» አለች። አላልሁም።

ሁዳዴ ገባ፣ እኔም ድምፄን የጾምሁ መሰልሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ነገ ይለቀዋል ይል ነበር፤ ነገው ግን እየመጣ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ሐኪም ጉሮሮዬን በባትሪ አይቶ «ምንም አልሆነም፣ ደንግጦ ነው» ብሎ ሰደደን። እናቴ በየማለዳው ጠበል ታስጠምቀኝ ነበር። እትዬ ላቀች ማር ታልሰኝ ነበር። ጓደኞቼ በድንገት ከኋላዬ እየመጡ ይቆነጥጡኝ ነበር፤ ይኼ ከሕክምና ይልቅ የቆየ ቂም ይመስል ነበር። ፊደል የሚያስቆጥሩኝ የኔታ ብቻ ናቸው ሳያዝኑ የቀሩ ልበል? ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርታቸውን ያለ አንድ አቋራጭ ጨረሱ።

አሁን እስቃለሁ እንጂ ያኔ አልሳቅሁም። ወሬ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ ያመኝ ነበር። ከሁሉ የከፋው የእናቴ ነገር ነበር። ልጅ ሲጠራ «አቤት» ማለት ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነውና፣ ሳልዘጋጅ ብትጠራኝ ያመልጠኛል ብላ፣ ጓዳ ሆና፣ ወይም ከወንዝ ስትመለስ፣ ስሜን በድንገት ትጣራ ነበር። ትጠራኛለች፣ ትጠብቃለች። እኔም አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሥራዋን ስትቀጥል እሰማ ነበር።

ለአባቴ «ልጄ ድምፁን እስኪያገኝ ያቺ ጉድ እንዳትነሣ» ብላው ስለ ነበር፣ ማኪናዋን በሸራ ሸፍኖ ዳሱ ሥር አቆማት። በዚያ ቤት የተዘጋው የእኔ አፍ ብቻ አልነበረም፤ እሱም መናገር አቆመ። ከሥራ ሲመለስ ከጎኔ ይቀመጥና እጄን ይዞ ያመሻል፣ አንዳንድ ጊዜ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳብሶ፣ የተሰበረውን ዕቃ እንደሚፈልግ መካኒክ ጉሮሮዬን ይነካካ ነበር።

በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ገበያ እንደ ወረደች፣ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ዳሱ ወሰደኝና ሸራውን ገፈፈው።

«ስማኝ ልጄ» አለ፣ ተንበርክኮ ዓይን ለዓይን እያየኝ። «በቅሎ የጣለው ሰው በዚያችው በቅሎ ላይ ካልወጣ ፍርሃቱ አይለቀውም። ዛሬ በቀስታ ነው የማስነሣት። መጀመሪያ ትሾካሾካለች፣ ከዚያ ትናገራለች፣ ከዚያ አንተ ስትለምዳት ትጮኻለች። እዚህ ፊቷ ቁምና እያት። ከፈራህ እጅህን አንሣ።»

እጄን ባነሣ በኮፈኑ ማዶ እንደማያየኝ ለሁለታችንም ትዝ አላለንም። ኮፈኑን ከፍቶ ገባ። ሞተሩ ተነሣ። በቀስታ፣ እንዳለው፣ ትሾካሾክ ጀመር። ቆምሁ። ትንሽ ጨመረላት፤ ቀንዶቹ መተንፈስ ጀመሩ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ተነፈስሁ። ሳልሸሽ መቆሜ ራሴን ገርሞኝ ሳለ፣ የአጥሩ በር ተከፍቶ እትዬ ላቀች ገባች።

ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር፤ ጠበል የሞላ ገንቦ በሁለት እጇ አቅፋለች። ኋላ እንደ ነገረችን፣ ሳምንታት ሙሉ ስታስብ ከርማ ነበር። ልጁን አጠመቅነው፣ አጠጣነው፣ ልጁን የያዘው ግን ደርቆ እንደ ጌታ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል፤ ማጥመቅስ እሱን ነው፣ ብላ ነበር። ወንድሟ ከቤት በሌለበት ልታጠምቀው ነበር ሐሳቧ። ይኸው መጥታ ስታየው ደግሞ አፉን ከፍቶ፣ እያጉረመረመ፣ እኔን ፊቱ አቁሞ አገኘችው። አባቴን ከኮፈኑ ማዶ አላየችውም። ማኪናዋ ብቻዋን የተነሣች መስሏት ነበር።

ፊቷ አመድ መሰለ። ሮጣ ትሄዳለች ስል ወደ ፊት መጣች፤ እኔን በክንዷ ወደ ኋላዋ ገፍታ፣ ባሏን በገደለው ነሐስ ፊት ቆመችና፣ ቄሱ የተለከፈን ሰው እንደሚጠይቁት በኃይለኛ ድምፅ ጠየቀችው።

«ስምህ ማን ነው? ተናገር!»

አባቴ ከውስጥ ሞተሩ ሲጮኽ አልሰማትም፤ ትንሽ ጨመረ። ቀንዶቹ «ሆ» አሉ።

«ልጁን ከየት ያዝኸው?»

አባቴ ሌላ ጨመረ። ቀንዶቹ አገሡ። ለእትዬ ላቀች ይኼ መልስ ነበር።

«ትለቃለህ ወይስ አትለቅም?» ብላ ገንቦውን ወደ ላይ አነሣች።

የመካኒክ ልጅ ነኝ። ሞተር በዚያ አፉ አየር እንጂ ውሃ እንደማይገባው፣ ከገባበትም እንደሚሞት፣ አባቴ ክረምቱን ሁሉ ጣራው ሲያፈስ በእጁ ጋርዶ ሲያስጠነቅቀኝ ከርሟል። ገንቦው ሲያዘነብል አየሁ። እጄን አነሣሁ፤ ማን ያየኛል? ቀሚሷን ጎተትሁ፤ ጋኔኑ ልጁን እያንፈራገጠው መስሏት ጭራሽ ጠነከረች። ያን ሁሉ ቀን ሆዴ ውስጥ የተከማቸው ቃል አንድ ላይ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀረ። ውሃው ወረደ፤ በአንደኛው ቀንድ፣ ከዚያም በሁለተኛው፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» እየተባለ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ።

«አባባ፣ አጥፋው!»

የእኔ ድምፅ መሆኑን አላወቅሁትም። ጩኸቴና ፍንዳታው አንድ ላይ ነበሩ፤ ማን እንደቀደመ ዛሬም አልምልም። በቀንዶቹ አፍ እሳት ወጣ፣ ከሆዷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ አጥንት ተሰበረ፣ ቢየላ የሚባለው የሞተሩ ክንድ ጎኗን በስቶ ወጣ፣ ጥቁር ዘይትም እንደ ታረደ በሬ ደም መሬቱ ላይ ተንዠቀዠቀ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። እንዲያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

አባቴ ወርዶ በኮፈኑ ዙሪያ መጣ። ዘይቱን አየ። እኅቱን፣ ባዶ ገንቦ አቅፋ፣ ቅንድቧ በእሳት ተለብልቦ አያት። የሞተሩን ቀዳዳ አየ። የሚጮኽ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ምን አልህ?» አለ። የጠየቀው እኔን ነበር።

«አጥፋው» አልሁ።

«ድገመው።»

«አጥፋው! ውሃ ጠጣች! እትዬ ላቀች አጠጣቻት! እጄን ባነሣ አላየኸኝም! ቀሚሷን ብይዝ አልሰማ አለችኝ! እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርሁ፤ ሳምንታት የተጠራቀመ ወሬ ተፈታና ማቆም አቃተኝ። አባቴ ዘይቱ ውስጥ ተንበርክኮ፣ ፊቱን ሆዴ ላይ ደፍቶ፣ ይስቅ ይሁን ያልቅስ ሳላውቅ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቆየ። እትዬ ላቀች እልልታዋን ስታቀልጠው ሰፈሩ ሁሉ መጣ። እናቴ ከገበያ መንገድ ሰምታ፣ ሰው ሞቶ ይሁን ተወልዶ ሳታውቅ፣ የሸመተችውን ጥላ እየሮጠች ከበር ስሜን ጠራች።

«አቤት!» አልኋት። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች።

ክረምት ሲመጣ ማኪናዋ ዳሱ ሥር ሆና ዝናብ ይገባባት ጀመር። ለተበሳው ሞተሯ ዕቃ ጎንደርም አስመራም አልተገኘም። አባቴ አንዳንድ ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ ያያትና መልሶ ይዘጋት ነበር፤ ስለ እሷ በእኅቱ ላይ ክፉ ቃል ሲያወጣ አልሰማሁም። ክርክሩን ግን አልተወም።

«እትዬ፣ ልጁን የፈታው የሞተሩ ድምፅ ነው። ሊለምደው ሲል ነው የደረስሽው። ሞተር እኮ ውሃ አይጠጣም።»

«ጋኔንም አይጠጣም፤ ለዚያ ነው የወጣው።»

በየበዓሉ ይኼው ነበር፤ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው፣ እየተጎራረሱ፣ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ እየሰማሁ። ማን እንዳዳነኝ ሳይስማሙ አረጁ፣ ሳይስማሙም በየተራቸው ሞቱ። ሲጠይቁኝ ለእሱ «ሞተሩ ነው»፣ ለእሷ «ጠበሉ ነው» እል ነበር፤ ሁለቱም ውሸታም እንደሆንሁ ያውቁ ነበር፣ ሁለቱም ደስ ይላቸው ነበር።

አሁን በዚህ ዕድሜዬ ከልጄ ቤት እኖራለሁ። ደግ ልጆች ናቸው፤ መድኃኒቴን ያስታውሱኛል፣ ወንበሬን ወደ ፀሐይ ያዞሩልኛል። ወሬዬ ሲበዛ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ዝም ብዬ ስውል ደግሞ «ዛሬ ደኅና ነው» ተባብለው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። አልቀየማቸውም፤ እኔም ራሴን ለብዙ ሰዓት ስሰማው ይሰለቸኛል። አልፎ አልፎ ግን በረንዳው ላይ ዝም ብዬ ስቀመጥ እነዚያ ሁለቱ ትዝ ይሉኛል፤ አንዱ ልጄን ደግሜ እንዳላስደነግጥ ብሎ እየፈራ እግሩን በቀስታ የሚጭን፣ አንዷ ባሏን የበላውን ነገር አፍ ለአፍ ገጥማ ገንቦ የምታነሣ። ያኔ ዝም ስል ሰው ይደነግጥ ነበር።